የሮኬት ነበልባል የማይታየው ጨረር እንዴት ይለካል?

(የሳይንስ ዓምድ፤ ከአንድ ሠልጣኝ መምህር)

የዚህ ዕትም ትምህርት ርዕሱን ብቻ ላየው ሰው ከአሰላ በጣም የራቀ ይመስላል። ሮኬት የት፣ እኛ የት! ነገሩን ገለጥ አድርገን ስንመለከተው ግን በየቤታችን ከምድጃው ዳር፣ በመስከረም ደግሞ ከደመራው አጠገብ የምናውቀው ሙቀት ነው። ልዩነቱ የእሳቱ መጠንና የመለኪያው ዓይነት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ዋና ነጥብ አለ። መሣሪያ የሚሰጠን ቁጥር እውነት የሚሆነው፣ ከምንለካው ነገር በተጨማሪ ወደ መሣሪያው ሌላ ምን እንደገባ ለይተን ስናውቅ ነው። ይህ የላቦራቶሪ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1976 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ ዓለም ወደ ኑክሊየር ጦርነት ልትገባ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ታሪኩን ወረድ ብለን እናየዋለን። በቅድሚያ ግን መሠረቱን እንያዝ።

ሀ/ የማይታይ ጨረር ሲባል ምን ማለት ነው?

የአርሲ ደጋ ብርድ የታወቀ ነው። በደመራ ምሽት ከእሳቱ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቆ የቆመ ሰው ፊቱ እየተለበለበ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። በሰውየውና በእሳቱ መካከል ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ነፋሱም ብዙውን ጊዜ ወደ እሳቱ ነው የሚሳበው። ታዲያ ሙቀቱ በምን መጣ? በጨረር ነው የመጣው። ለዚህ ማስረጃው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ከፊታችን ሲቆም ሙቀቱ ወዲያው ይቋረጣል። ሙቀት እንደ ብርሃን ጥላ አለው ማለት ነው።

ይህን ጨረር ከብርሃን ለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊልያም ኸርሸል ሲሆን፣ ጊዜውም 1800 እ.ኤ.አ. ነበር። ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም አሳልፎ ወደ ቀለማት ከበተነ በኋላ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ ቀለም አለፍ ብሎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ይበልጥ ከፍ አለ። ከቀይ በታች ያለ በመሆኑም ታሕተ ቀይ ጨረር ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ኸርሸል ከብርሃኑ ውጪ ሌሎች ቴርሞሜትሮችም አስቀምጦ ነበር። ለምን? ክፍሉ ራሱ ቢሞቅ እንዲያውቅ ነው። ወደዚህ ነገር ደጋግመን እንመለሳለን።

የጨረር ዓይነት የሚለየው በሞገዱ ርዝመት ነው። መለኪያው ማይክሮን ሲሆን፣ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ዓይናችን የሚያየው ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን ያለውን ብቻ ነው። ከ0.7 ማይክሮን በላይ ያለው ታሕተ ቀይ ነው።

ሁለት ሕጎችን እንያዝ። የመጀመሪያው የስቴፋንና የቦልትስማን ሕግ ነው። ስቴፋን በ1879 እ.ኤ.አ. ከሙከራ አገኘው፤ ቦልትስማን ደግሞ በ1884 እ.ኤ.አ. በስሌት አረጋገጠው። የአንድ አካል የሙቀት መጠን በኬልቪን ሲቆጠር እጥፍ ከሆነ የሚረጨው ጨረር 16 እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ በ300 ኬልቪን፣ ማለትም በ27 ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ጥቁር አካል ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ገጽ 460 ዋት ገደማ ይረጫል። 600 ኬልቪን ሲደርስ 7,350 ዋት ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛው የቪን ሕግ ነው (1893 እ.ኤ.አ.)። 2,898ን በኬልቪን ሙቀት ስናካፍል ጨረሩ ይበልጥ የሚበረታበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮን እናገኛለን። ለእጃችን 9.5 ገደማ፣ ለከሰል ፍም (1,000 ኬልቪን) 2.9፣ ለፀሐይ (5,800 ኬልቪን) 0.5 ይመጣል። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ፍም ብዙ ብርሃን ሳይሰጥ ፊት የሚያቃጥለው ጨረሩ አብዛኛው ከዓይናችን ወሰን ውጪ ስለሆነ ነው። የሚያበራ ሁሉ አያቃጥልም፣ የሚያቃጥልም ሁሉ አያበራም።

ለ/ ጠጣር ነዳጅ ሲነድ ምን ይወጣል?

የሮኬት ነዳጅ ፈሳሽም ጠጣርም ሊሆን ይችላል። ጠጣሩ ነዳጅ እንደ ላስቲክ ያለ ነገር ሲሆን፣ የሚነድደውና ለማንደድ የሚያስፈልገው ኦክስጅን በአንድነት ተቦክተው የደረቁበት ነው። በመሆኑም ከውጭ አየር አይፈልግም፤ አንዴ ከተለኮሰም ማጥፋት አይቻልም ለማለት ይቻላል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ከ1981 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ይበር የነበረው የአሜሪካ የጠፈር መመላለሻ ነው። በጎንና በጎኑ የነበሩት ሁለት ጠጣር ሮኬቶች እያንዳንዳቸው 500 ቶን ገደማ ነዳጅ ይይዙ ነበር። ከዚህ ውስጥ 70 ከመቶ ገደማው አሞኒየም ፐርክሎሬት የተባለው ኦክስጅን ሰጪ ጨው፣ 16 ከመቶው የአሉሚኒየም ዱቄት፣ የቀረው አብዛኛው ሁሉን አጣብቆ የሚይዘው ላስቲክ መሰል ነገር ነበር። ይህ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ያህል ነድዶ ያልቅ ነበር፤ በአማካይ በየሰኮንዱ 4 ቶን ገደማ ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ነዳጅ የማቃጠያ ክፍሉ ሙቀት ከ3,000 ሴንቲግሬድ ያልፋል።

ከሮኬቱ ጭራ የሚወጣው ነገር ሁለት ወገን አለው።

አንደኛ፣ ጋዞች ናቸው፤ የውኃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ክሎራይድ። ጋዝ የሚረጨው በሁሉም ሞገድ ላይ አይደለም፤ የየራሱ ቦታ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ4.3 ማይክሮን አካባቢ በኃይል ይረጫል፤ በ2.7 አካባቢ ደግሞ እሱም የውኃ ተንም ይረጫሉ።

ሁለተኛ፣ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣቶች ናቸው። ከሮኬቱ ኋላ የምናየውን ወፍራም ነጭ ጭስ የሚሠሩት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። እንደ ፍም ሁሉ እነሱም ሳያቋርጡ በብዙ ሞገዶች ላይ ይረጫሉ።

ይህን ከቤታችን ጋር እናነጻጽር። የቡታጋዝ ሰማያዊ ነበልባል በአብዛኛው ጋዝ ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ ትንሽ ነው። የኩራዝ ቢጫ ነበልባል ግን በውስጡ የጋሉ የጥላሸት ቅንጣቶች ስላሉት ያበራል። ጠጣር ነዳጅ የሚጠቀም ሮኬት ሁለቱንም ይዟል። በዚህ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ሃይድሮጅኑ ገና ነድደው ያልጨረሱ በመሆናቸው፣ ከሮኬቱ ከወጡ በኋላ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኙ እንደገና ይነድዳሉ። ሮኬቱ ከፍ ሲል ኦክስጅኑ እየሳሳ ስለሚሄድ ይህ ሁለተኛው መንደድ ይቀንሳል፤ ነበልባሉና ጭሱ ግን የሚጫነው አየር ስለሌለ እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ ያው አንድ ሮኬት መሬት ላይና በ40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ የሚሰጠው ጨረር አንድ ዓይነት አይደለም።

ሐ/ መለካቱስ እንዴት ነው?

ጨረርን የሚለካው መሣሪያ ራዲዮሜትር ይባላል። ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል።

1ኛ. ተቀባዩን መምረጥ። ከሁለት ዓይነት ብረቶች መጋጠሚያ የሚሠራው ቴርሞፓይል ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሁሉንም ሞገድ ይቀበላል፣ ግን ዘገምተኛ ነው። የሊድ ሰልፋይድና የኢንዲየም አንቲሞናይድ ተቀባዮች ፈጣኖች ናቸው። ኢንዲየም አንቲሞናይድ የሚሠራው በፈሳሽ ናይትሮጅን እስከ 196 ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ነው። ምክንያቱም መሣሪያው ራሱ ሞቃት ስለሆነ ታሕተ ቀይ ይረጫል። ካላቀዘቀዙት በእሳት መካከል ተቀምጦ የክብሪት ብርሃን እንደመፈለግ ይሆናል።

2ኛ. ከታወቀ ነገር ጋር ማመሳከር። ለዚህ የሚያገለግለው ጥቁር አካል የሚባለው ምድጃ ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ በትንሽ ቀዳዳ ብቻ የሚታይ ሲሆን ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ነው። መሣሪያው ከሮኬቱ ሙከራ በፊትም በኋላም ይህን ምድጃ እንዲያይ ይደረጋል። ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ በመካከል የተለካው ሁሉ አይታመንም።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌ ልስጥ። መጽሐፉ ውኃ በ100 ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ይህ በባሕር ወለል ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይህን ያላወቀ መምህር ደህናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። ማመሳከሪያውም ራሱ በየት እንዳለ መታወቅ አለበት ማለት ነው።

3ኛ. ዳራውን መቀነስ። ከተቀባዩ ፊት ጥርስ ያለው ክብ ሰሌዳ ይሽከረከራል። ጥርሱ ሲገባ ተቀባዩ የሰሌዳውን ወይም የታወቀውን አካል ጨረር ያያል፤ ክፍተቱ ሲመጣ ነበልባሉን ያያል። የሚመዘገበው የሁለቱ ልዩነት ነው። ከዚህም ሌላ ሮኬቱ ሳይለኮስ ሰማዩና መሬቱ ብቻቸውን ይለካሉ።

4ኛ. በመካከል ያለውን አየር ማስላት። በአየራችን ውስጥም የውኃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሉ። እነሱም ነበልባሉ የሚረጨውን ያንኑ ሞገድ ይውጣሉ። ደግነቱ የጋለው ጋዝ የሚረጭበት ክልል ከቀዝቃዛው ስለሚሰፋ ጨረሩ በዳርና በዳሩ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ርቀቱ፣ የአየሩ እርጥበት፣ ግፊትና ሙቀት አብረው ካልተጻፉ ንባቡ ብቻውን ዋጋ የለውም።

5ኛ. ጨረርን ከሙቀት መለየት። ነበልባል ሙሉ ጥቁር አካል አይደለም፤ ከሚገባው ያነሰ ይረጫል። ትንሽ ጨረር ስናገኝ እሳቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ወይስ ስስ ስለሆነ? ይህን ለመለየት ከነበልባሉ ጀርባ ሙቀቱ የታወቀ መብራት ይቀመጣል። መብራቱ በነበልባሉ ውስጥ ሲታይ ከደመቀ ነበልባሉ ይሞቃል፤ ከደበዘዘ ነበልባሉ ይቀዘቅዛል፤ ምንም ለውጥ ከሌለ የሁለቱ ሙቀት እኩል ነው። ብልሃቱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ዋናው ሐሳቡም ዛሬ ድረስ ይሠራበታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው ቢባል፣ አንደኛ ጨረሩ የሮኬቱን ግርጌ ራሱን ሊያቃጥል ስለሚችል መሐንዲሶች ምን ያህል መከላከያ እንደሚያስፈልግ ማወቅ አለባቸው። ሁለተኛ የቃጠሎውን ጥራት ያሳያል። ሦስተኛው ከሰማይ ሆኖ ሮኬት መተኮሱን ለማወቅ ነው። አስፈሪው ታሪክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

መ/ የመስከረም 15 ሌሊት

አሜሪካ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሶቪየት ኅብረትም በተከታዮቹ ዓመታት፣ የሮኬት ነበልባልን በታሕተ ቀይ የሚጠብቁ ሳተላይቶች አምጥቀዋል። የሶቪየቶቹ ኦኮ፣ ማለትም ዓይን ይባሉ ነበር። አሜሪካ ምድር ውስጥ ያስቀመጠቻቸው ሚኒትማን ሚሳይሎች በጠጣር ነዳጅ የሚሠሩ ናቸው፤ ሳተላይቶቹ የሚጠብቁትም የእነሱን ነበልባል ነበር።

መስከረም 15 ቀን 1976 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.) ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ፣ እኛ አገር ደመራ ሊበራ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው፣ ከሞስኮ በስተደቡብ ባለው የሰርፑኾቭ 15 ጣቢያ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አራት፣ በድምሩ አምስት ሚሳይሎች ከአሜሪካ ተተኩሰዋል አለ። ጊዜው ሶቪየቶች የኮሪያን የመንገደኞች አውሮፕላን መትተው ከጣሉ አንድ ወር እንኳ ያልሞላው፣ ሁለቱ ኃያላን ክፉኛ የተፋጠጡበት ነበር።

ተረኛው መኮንን ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ነበር። መሣሪያው የሚያሳየውን ብቻ ተከትሎ ጥቃት ነው ብሎ ሪፖርት ማድረግ ይችል ነበር። እሱ ግን አሰበ። እውነተኛ ጥቃት ቢሆን በአምስት ሚሳይል ብቻ ይጀመራልን? የምድር ራዳሮችስ ለምን ምንም አላዩም? ሥርዓቱም አዲስ ነበር። የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ለአለቆቹ አሳወቀ። ደቂቃዎች አለፉ፤ ምንም አልመጣም።

በኋላ ሲጣራ፣ መንሥኤው ከፍ ብለው በሚገኙ ደመናዎች ላይ ያረፈው የፀሐይ ብርሃን በሳተላይቱ አቅጣጫ መንጸባረቁ ሆኖ ተገኘ። ሳተላይቱ ያየው ጨረር እውነተኛ ጨረር ነው፤ ተቀባዩም አልዋሸም። የጎደለው ጨረሩ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ብቻ ነበር። ፔትሮቭ በ2017 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ሠ/ በአገራችንስ?

የትልቅ እሳት ጨረር በርቀት መለካት በኢትዮጵያም የተሠራበት ነው። በአፋር የኤርታ ሌ እሳተ ገሞራ ለብዙ ዐሠርተ ዓመታት የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ይዞ በመቆየቱ በዓለም ከታወቁት ጥቂቶች አንዱ ነው። ክላይቭ ኦፐንሃይመርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የሐይቁን ሙቀት በታሕተ ቀይ ካሜራ ከዳር ሆኖ ስለመለካት ነው። እዚያም ችግሩ ያው የሮኬቱ ነው፤ በካሜራውና በሐይቁ መካከል የእሳተ ገሞራው የውኃ ተንና ጋዝ አለ። የሐይቁም ገጽ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አብዛኛው የቀዘቀዘ ጥቁር ቅርፊት ሲሆን በስንጥቆቹ ውስጥ ብቻ እሳቱ ይታያል። በጥር 2009 ዓ.ም. ደግሞ ሐይቁ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ በተራራው ጎን አዲስ ስንጥቅ ተከፍቶ የነበረው ሁኔታ ተለውጧል።

ወደ ቀዬአችን እንምጣ። ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን በላዩ ያለው አስታ በበጋ ሲደርቅ እሳት በቀላሉ ይይዘዋል። በ1999ና በ2002 እ.ኤ.አ. የመጠቁት ቴራና አኳ የተባሉ ሳተላይቶች ሞዲስ የሚባል መሣሪያ ይዘው ወጥተዋል። ሞዲስ እሳትን የሚለየው በ4 ማይክሮን አካባቢ ያገኘውን ጨረር በ11 ማይክሮን ካገኘው ጋር፣ አንዱን ቦታም ከጎረቤቱ ጋር በማነጻጸር ነው። ለዚህ የሚያየው አንዱ ነጥብ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አሁን እናስብ። ከኢተያ እስከ በቆጂ ባለው የስንዴ አገር ገበሬው ገለባ ቢያቃጥል እሳት ነው፤ ግን የደን ቃጠሎ አይደለም። የፀሐይ ነጸብራቅ ከሐይቅ ላይ ሲመለስ ወይም በበጋ የተራቆተ መሬት ሲግል፣ እሳት ሳይኖር እሳት ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ጭላሎ ደመና ከለበሰ እሳት እያለ ምንም አይታይም። ስለዚህ ሳተላይቱ የሚሰጠው ነጥብ መጀመሪያ ነው፤ ፍጻሜው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ያንን ሰው የምናፈራው ደግሞ እኛ መምህራን ነን።

ረ/ ለክፍል የሚሆኑ ሙከራዎች

የምንመደብበት ትምህርት ቤት ራዲዮሜትር የለውም። ሐሳቡን ግን በሚከተሉት ማስተማር ይቻላል።

1. ሁለቱ ቆርቆሮዎች። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎች አዘጋጁ። አንዱን እስኪያብለጨልጭ ወልውሉት፤ ሌላውን በኩራዝ ጭስ ጥላሸት አልብሱት። በሁለቱም እኩል የሞቀ ውኃ ጨምሩ፤ በካርቶን ክደኑ፤ በየ5 ደቂቃው ሙቀቱን መዝግቡ። ጥቁሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም ይበልጥ ስለሚረጭ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የክፍሉን ሙቀት ጻፉ፤ ቆርቆሮዎቹንም ፀሐይና ነፋስ ከሚገባበት መስኮት አርቁ።

2. መስታወቱ። ከከሰል ምድጃ አንድ ክንድ ያህል ርቆ መዳፍን ማሞቅ፣ ከዚያም በመካከል የመስኮት መስታወት ማስገባት። ፍሙ እንደ በፊቱ ይታያል፤ ሙቀቱ ግን በአብዛኛው ይቀራል። መስታወት ከ3 ማይክሮን ገደማ በላይ ያለውን ጨረር አያሳልፍምና። መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ ወደ እሳቱ አታስጠጉት፤ ምድጃውም ከቤት ውጪ ይሁን።

3. ሪሞቱ። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፉን ወደ ሞባይል ካሜራ አዙሮ መጫን። ዓይን የማያየው ብርሃን በብዙ ስልኮች ስክሪን ላይ ብልጭ ሲል ይታያል። ይህም ታሕተ ቀይ ነው፤ ነገር ግን ለቀይ በጣም የቀረበው ዓይነት ነው። በአንዱ ስልክ ባይታይ በሌላ ሞክሩ፤ አንዳንዱ ካሜራ ይህን ጨረር የሚከለክል ማጣሪያ አለው።

መልመጃ

1. 54 ኪሎ ግራም አሉሚኒየም ሲነድ 102 ኪሎ ግራም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይሆናል። በአንዱ ሮኬት ውስጥ 80 ቶን አሉሚኒየም ቢኖርና ሁሉም ቢነድ ስንት ቶን ኦክሳይድ ይወጣል? (መልስ፦ 151 ቶን ገደማ)

2. የቀለጠ ድንጋይ 1,400 ኬልቪን ቢሆን ጨረሩ የሚበረታው በስንት ማይክሮን ነው? (መልስ፦ 2.1 ገደማ)

3. አንድ ተማሪ የጥቁሩ ቆርቆሮ ሙቀት ከብልጭልጩ ይልቅ ቀስ ብሎ ወረደ ብሎ ቢያመጣ፣ ተሳስተሃል ከማለታችሁ በፊት ምን ምን ትጠይቁታላችሁ? ለዚህኛው መልስ አልጻፍኩም። በቡድን ተወያዩበት፤ መምህሮቻችንም ሐሳብ ቢጨምሩበት ደስ ይለናል።

ተማሪ ቁጥር ይዞ ሲመጣ፣ ልክ ነው ወይስ ስሕተት ነው ከማለታችን በፊት ቴርሞሜትሩ የት ነበር፣ በአጠገቡ ምን ነበር ብለን የመጠየቅን ልማድ ከአሁኑ እንያዝ። ያ ተማሪ ነገ የጭላሎን እሳት ወይም ከዚያ የከበደ ነገር በሚጠብቅ መሣሪያ ፊት ተረኛ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።